ውሃ በዘጠና ሲፈላ

ማታ የነከርኩት የምንጃር ሽምብራ
አብጦ አደረ፣ ሳህኑን አንሥቶ በራሱ ጉልበት፤
ውጭ የጠባሴ ውርጭ ሣሩን አንጥቶታል፣
የቧንቧው ጉሮሮ ተዘግቷል በሌሊት።

ዓርብ ነው። ይርገዱ ከብርድ ልብስ ፋብሪካ
የሌሊት ፈረቃ ጨርሳ ትመጣለች፤
ለሰው ሙቀት ስትሸምን አድራ፣ እሷ ተኮማትራ፣
ጋቢዋን ሳታወርድ «ምን አለ?» ትላለች።

ሽሮ አይደለም ዛሬ።
ክክም አይደለም።
የእትዬ አናማን ወጥ ልሞክር ነው እኔ፣
ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በገዛ ምጣኔ።

ባላቸው ሚስተር ኩርየን ፊዚክስ ያስተምሩን ነበር፣
ከህንድ፣ ኮኮነት ከሞላው፣ ዝናብ ከማይጠፋው አገር፤
በሹራብ ላይ ሹራብ፣ በዚያ ላይ ካፖርት፣
በጓንት እጃቸው ውስጥ ጠመኔው ሲሰበር።

«ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?» አሉ በፈተና፤
«መቶ» ብዬ ጻፍኩ፣ መጽሐፉ ያለውን። ኤክስ አገኘሁና
ወረቀቴን ይዤ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ፣
ልከራከራቸው።
«የት አገር?» አሉኝ። «አንተ ባሕር ዳርቻ ነህ?
እዚህ በዘጠና ይፈላል፤ ሂድ ለካው፣ ታየዋለህ።
ይንተከተካል እንጂ በቅጡ አይግልም፤
ጫጫታውን ሰምተህ በሰለ እንዳትል፣ ደምሰው፣ በፍጹም።»

ከጓዳ ሳቅ መጣ፤ አናማ ናቸው፦
«ይኸው ሦስት ዓመቴ፣ ሽምብራ ስቀቅል፣
ፊዚክስ ሲፈትነኝ። ና፣ እሳቱን አራግብልኝ!»

አራገብኩ።
ሽምብራው የእኛው ነው፣ ቡኒ፣ ደቃቅ፣ ቀንድ ያለው፤
ቅዳሜ ገበያ ላይ መጀመሪያ ሲያዩት
«አንተም እዚህ አለህ?» ብለው አነጋገሩት ይባላል፣
ሻጯ ደንግጣ ሩብ ኪሎ መረቀች።
ኮኮነት የለም፤ ሱፍ ወቀጡ፣ አጠለሉ፣
ወተት የመሰለ ነጭ ውሃ ወጣ።
ቅጠል የሚሉት ነገር ነበር፤ በሱ ቦታ
ጤና አዳም ሞከሩ። አልሆነም። ሳቁ።

ሰናፍጭ በጋለ ዘይት ውስጥ ሲበትኑ
እናቴ በአጥር በኩል «ሰናፍጭ ይጠበሳል?» ብላ ጮኸች።
እሳቸው ግን አይቀምሱም፣ አያማስሉም፣
ጆሮ ነው የሚሰጡት ለድስቱ፣ ጎንበስ ብለው፦
«ይንጣጣ... ይንጣጣ... ዝም ሲል ሽንኩርቱን!»

ሁዳዴንም እንደኛ ጾሙ። ሰፈሩ ይህን ሲሰማ
ባዶ እጁን የሚመጣ ጎረቤት ጠፋ።

ከዚያ ሄዱ። አንድ ደብዳቤ ብቻ መጣ፣
ሰማያዊ፣ ስስ፣ ታጥፎ እራሱ ፖስታ የሆነ፤
የወጡን አሠራር ጽፈውልኝ ነበር።
ታናሽ ወንድሜ ቴምብሩን ፈለገና
በምላጭ ቆረጠው፣ ከነጀርባው ጽሑፍ።
እስከ ዛሬ ድረስ «እርድ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ
መስኮት የሚያህል ቀዳዳ አለ፣
በዚያ በኩል ምድጃውን አያለሁ።

እንግዲህ በቀዳዳው ልክ ገመትኩ፦
እርድ አንድ ማንኪያ፣ ድንብላል ሁለት፣ ከሙን ቆንጠር፣
ዝንጅብሉ በዛ። ቲማቲሙን አቅልጬ
የሱፉን ውሃ ሳፈስበት፣ የመስከረም አደይ
የወደቀበት ወንዝ መሰለ፤ በሬሳ ሲሞላ።
ሰናፍጩ ዐይኔ ሥር ዘለለ፣ አቃጠለኝ፣
ግን ሰማሁት። ዝም ሲልም ሰማሁት።

ይርገዱ ገባች። አፍንጫዋን ነፋች።
«ምንድን ነው? ሽሮ መፍጨት ሰንፈህ ነው እንዴ?
እንዲህ ድፍን ድፍኑን!»
«ቅመሽው።»
«አልቀምስም፣ ይሸተኛል።»
አንድ ጉርሻ። ጋቢዋን አወረደች። ሁለተኛ።
የሽምብራ ቂጣ እንኳ እንዲህ አይገላበጥም፤
ድስቱን በእንጀራ ጠርጋ
«ዝንጅብሉ በዝቷል» አለችና ተኛች።

እኔ ከሥር የቀረችውን አንዲት ፍሬ ነከስኩ፤
ቀጭ አለች በጥርሴ፣ መሐሏ ጥሬ።
ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲንተከተክ ነበር እኮ!

እሺ ሚስተር ኩርየን። ዘጠና ነው፣
ዘጠና።
ለነገ እፍኝ ጨምሬ ነከርኩ።