የጉራማይሌ ሆድ

ልዑልሰገድ፣
«እስክመለስ ያዝልኝ፣ ሁለት ሳምንት ናት» ብለህ፣
እንሽላሊትህን ከነመስታወት ቤቷ ከሱቄ ጥግ ጥለህ
አሶሳ የሄድክ ለታ ቀሃ ሞልቶ ነበር፤
ዛሬ ሰዉ ከድንጋይ ድንጋይ ዘሎት ይሻገራል፣
ያንተ ሁለት ሳምንት ግን ገና ይቆጠራል።

ልወቅስህ አይደለም።
ነገሩ የጉራማይሌ ነው። (ስሟን እኔ ነኝ ያወጣሁ፣
ቢጫ ቆዳዋ ላይ ጥቁሩ ተረጭቶ ባየሁ።)
ሰኞ ማታ ፌንጣ ሰጠኋት፣ ፊቷን አዞረች፤
ማክሰኞም እንደዚያው፤ ረቡዕ ጭራሽ ሸሸች።
እሷ እኮ ፌንጣ ስታይ የጅራቷ ጫፍ ብቻ
እንደ ሰከንድ ቆጣሪ ይርገበገብ የነበረች!

ሌሊት ትቆፍራለች።
የሚቆፈር በሌለበት መስታወቱን ትቧጥጣለች፣
ከጥግ ጥግ፣ ከጥግ ጥግ፤
ግድግዳዬ ላይ ካሉት ከአሥራ ሰባቱ ሰዓት
የሷ ጥፍር በልጦ እንቅልፍ ነሳኝ።

ልብስ ሰፊው እንየው «የሆድ ትል ነው» አለ፤
የማታውቀውን ምክር ሁሉ መርፌ አፉ ውስጥ እንዳለ።
ታንጉትን ጠራኋት፣ ሆስፒታል የምታዋልደዋን።
«እኔ የማዋልደው ሰው ነው» ብላ በሩ ላይ ሳቀች፤
ሳቋ ሲያልቅ ግን እጅጌዋን ሰብስባ እጇን ታጠበች።
«እንዳትገለብጣት፤ በጠራ ዕቃ አድርጋትና
ከሥሯ ሆነህ እይ።»

የሰዓት ማጉያዬን ከዓይኔ ሻጥኩት፣
የእጅ ባትሪውን ከጎኗ አበራሁት፣
አንገቴን ከዕቃው ሥር አስገባሁት።
ልዑልሰገድ! የሆዷ ቆዳ ዘይት የነካው ወረቀት ነው፤
በውስጡ፣ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ነጭ ሞላላ፣
ጎን ለጎን፣ ዝም ብለው።
የሰዓት ሆድ ስከፍት ሠላሳ ዓመት ኖሬ፣
ሳይከፈት የሚታይ ሆድ ገና አየሁ ዘንድሮ።

«ወንድ እኮ የላትም!» አልኩ፣ ስለ እሷ አፍሬ።
«አውራ የሌላት ዶሮ መጣል ትተዋለች?
የሚያስፈራው መጣሏ አይደለም፣
ይዛ መቅረቷ ነው» አለች።

ስልክህን ሞከርኩ፤ ያቺ ሴትዮ «አይገኙም» አለችኝ።
እናም በራሴ ጀመርኩ፦ የቅቤ ዕቃ ጎኑን በሳሁ፣
ያሾለካትን ያህል፤
የቀሃን አሸዋ ከአፈር ጋር በድስት ቆልቼ
ሲበርድ ውኃ ነሰነስኩበት፤
ሲጨብጡት የሚይዝ፣ ሲጨምቁት የማያንጠባጥብ።
የእንቁላል ቅርፊት እንደ በርበሬ ደቁሼ ነፋሁላት።
ቅዳሜ መብራት ጠፋ፤
ሙቅ ውኃ በጠርሙስ፣ ጠርሙሱን በፎጣ፣
ጠቅልዬ ከጎኗ አኖርኩ፤
የሰው ሰዓት ሳልነካ አደርኩ።

እሑድ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ከሠላሳ ስምንት፣
(ልክ በሚሄዱት በሦስቱ፣ የቀሩትን ተዋቸው)
ከዕቃው ወጣች።
ሆዷ ጎድጉዷል፤ ቆዳዋ ሰፍቷታል፣ እንደ ተዋሰችው ኮት፤
ጅራቷም፣ ስንቋ ነው ያልከኝ፣ ከስቷል።
አፈሩን በጣቴ ገለጥኩ።
ሁለት። ነጭ። እርጥብ ብራና ይመስላሉ።

ባትሪ ከኋላቸው ያዝኩ፤
ቀይ ክብ የለም፣ የደም ሥር የለም፣
ቢጫ ብርሃን ብቻ፣
ሰው በሌለበት ቤት እንዳደረ ፋኖስ።
ታንጉት ታውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር።
ግን አሥር ማታ ሙሉ ማጉያዬን ሻጥ አድርጌ
እንደገና አየሁ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ።
በአሥረኛው ጎደጎዱ።

እሷ ምንም አልመሰላት። አራት ፌንጣ በላች፣
ጫፏን እያርገበገበች።

ትናንት ሌሊት ደግሞ፣
ከጥግ ጥግ፣ ከጥግ ጥግ።
ቀን ቆጠርኩ፤ ሃያ ስድስት።
ተነሣሁና ሳላበራ አፈሩን አራስኩት፣
የቅቤ ዕቃውን ከቦታው መለስኩት።
አንተ ግን አትቸኩል፣ ልዑልሰገድ፤
ሁለት ሳምንትህ ገና ነው።