ሃያ ስምንት

አያ ፈንታሁን ከወገራ፣ በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው፣
ያመጡልኝን የስንዴ ዘር፣ "የአባቴ ነው" ብለው፣
በእርጥብ ወረቀት ጠቅልዬ ሦስት ሌሊት አሳደርሁት፤
ነጭ ሥር ሲያወጣ፣ ጫፉን በምላጭ ቀነጠብሁት።

ማለዳ ነው ሰዓቱ፤ ሴል የሚከፈልበት።
ጎንደር ገና ጉም ለብሳለች፣ ቀሃ ወንዝ አይታይም ከመስኮት።
በአሲድ አለሰለስሁት፣ በቀይ ቀለም ነከርሁት፣
በሁለት መስተዋት መሃል በአውራ ጣቴ ጨፈለቅሁት።

መብራት ጠፋ።

አንጓች አሮጌውን ማይክሮስኮፕ ከጓዳ አወጣች፣
መስተዋቱን ወደ ፀሐይ አዙራ፣ "በዚህ እይ" አለች።

ቢተረተር ይህን ክፍል ከግድግዳ ግድግዳ የሚሻገር ክር
ከዐይን በምትሰወር ነጥብ ውስጥ እንዴት ይታጠር?
በዶቃ ላይ ዞሮ ዞሮ፣ ዶቃውም መልሶ ተጠቅልሎ፣
አጭር በትር ሆኗል፣ ወገቡ ላይ በመቀነት ሰልሎ።
ክሮሞዞም ይሉታል፤ የቀለም አካል ማለት ነው።
የሸማኔ ልጅ አንጓች ግን "ድውር ነው" ትለዋለች፣ "ድውር ነው።"

ቆጠርሁ። ሃያ ስድስት። ደግሜ፣ ሃያ ስምንት።
በሌሎች ሥር ተሸሽገው ኖሯል ሁለት።

አሥራ አራቱ የአንድ ሣር፣ አሥራ አራቱ የሌላ፤
ድሮ፣ አራሽ ሳይኖር፣ በነፋስ የተጋቡ፣ ማንም ድግስ ሳይበላ።
እስከ ዛሬ በአንድ ጎጆ ያድራሉ፤
ለመጣመር ጊዜ ግን ወገን ከወገን ይፈላለጋሉ፣
ሳይዋዋጡ፣
ሳይካሰሱ።

እኔ፣ የሁለት እናት ልጆች የአንድ ማሳ ድንበር ሲገፉ ያየሁ፣
ከአባቴ ጋር ዳባት ፍርድ ቤት ደጅ ስጠና የከረምሁ፣
ዐይኔን ከሌንሱ ማንሳት አቃተኝ።

ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ አያ ፈንታሁን ጎራ አሉ።
"ስንት ሆነ?"
"ሃያ ስምንት።"
"የሰውስ?"
"አርባ ስድስት።" በጢማቸው ውስጥ ፈገግ አሉ።
"የዚህስ?" አሉ፣ ዘንቢላቸውን እያሳዩኝ። ሽንኩርት ነው።
"አሥራ ስድስት። ክሩ ቢለካ ግን፣ ከእኛ አምስት እጅ የሚበልጥ ነው።"
"ምን ሊያደርግለት?"
"በቅጡ አናውቅም። አብዛኛው ድግግሞሽ ነው፤
ያንኑ፣ መልሶ ያንኑ፣ እንደገና ያንኑ።"

አንዱን አውጥተው በመዳፋቸው መዘኑት፣
እንደ ሰው ፊት ትክ ብለው አዩት።
"ይህን ሁሉ ይዞ ነው እንግዲህ፣
ዝም ብሎ የሚላጥ።"

የተረፈውን ዘር መለስሁላቸው።
በጋቢያቸው ጫፍ ከመቋጠራቸው በፊት
እርሳቸውም ቆጠሩ።