ሰባት ሺህ ዙር

የዘምዘም ራዲዮ ቤት፣ ደሴ ፒያሳ፣ ከደረጃው ሥር፤
የጦሳ ጉም እንደ ደንበኛ ተራ ይጠብቃል ከበር።
ሦስት ፒካፕ ደረደርኩ ከስታኞው አጠገብ፦
አንዱ ድርብ ጥቅል፣ ከመርካቶ፣ በሁለት ሠርግ ገንዘብ፤
አንዱ ነጠላ፣ አማቼ ከጅዳ የላከው፣
«ስጦታ ነው» እያለ የዋጋ ወረቀቱን ያልላጠው፤
ሦስተኛው የራሴ፣ ከጊታሩ ጋር የተወለደ፣
ሐምሌ፣ ሐረጎ ላይ፣ ዝናብ ገብቶበት ድምፁ ጥሎት የሄደ።

መርካቶውን በየድን። ዝም ያለ፣ ጨዋ ነው።
በአምባሰል ሞከርኩት፤ ኖታው አንድ ሳይጎድል
ሁሉም በቦታው አለ፤ የጠፋው አምባሰል።

የጅዳው ገና ሳልነካው ያጉረመርማል፤
የጎረቤቱን ወፍጮ፣ የጸጉር ቤቱን መብራት ለቅሞ ይዘምራል።
ክሩን ስመታው ሎሚ ነው፤ ጥርስ ያጠርሳል።
ወደድኩት። ጠላሁት።
ላውጣው ብዬ፣ ላስቀረው ብዬ፣ ዞሬ ሰማሁት።

ዘምዘም ግን አሮጌውን በጥፍሯ ፈለቀቀች።
ስምንት ዓመት ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣
የተቃጠለ ሞተር ስትጠቀልል የኖረች፣
«ማግኔቱ ደህና ነው፤ የተበጠሰው ሽቦው ነው» አለች።
«ከጸጉሬ ይቀጥናል። ሰባት ሺህ ዙር።»
«የቅዳሜው ሠርግስ?»
«ሠርገኛ ምን ገዶት! የጅዳውን ይዘህ ውጣ፤ ይጩህ።»

ያን ጊዜ መብራት ሄደ።
ወፍጮው ቆመ፤ ጸጉር ቤቱ ተነጫነጨ፤
ሦስቱም ፒካፕ እኩል ሆኑ።
በስልኬ ብርሃን የመዳቡን ጫፍ ፈልጋ ያዘች፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...
ልናገር ስል በመዳፏ ከለከለችኝ፤
ከሳተች፣ ከአንድ ልትጀምር ነው።

ጉሙም ገብቶ ከጎኔ ተቀመጠ።