በሚዛን ደረሰኝ ጀርባ

ወረቀት አጣና፣ ይመር እብሬ
«ኪስህ ውስጥ ምን አለ?» አለኝ ጠጋ ብሎ፤
የሚዛን ደረሰኝ፣ ከሥራ የተረፈ፣
ሰጠሁት፤ ገለበጠው፣ ጉልበቱ ላይ ጥሎ።

እሑድ ነው። ደሴ ናት። ጦሳ አልተገለጠም፤
ጉሙ ቆርቆሮው ላይ ተኝቷል።
ግቢው በብረት ተሞልቷል፤
የመኪና ባሌስትራ፣ የተሰበረ ማርሽ፣ የፋብሪካ ጥርስ፤
እኔ ከመሃሉ፣ በርሜል ላይ ተቀምጬ፣
አንገቴን ሳላዞር፣ ሳላስል፣ ሳልተነፍስ።

በእርሳስ ጀመረ።
አንድ መስመር ለቀቀ ከግንባሬ ቁልቁል፣
እንደ ሐረጎ መንገድ
ዞሮ፣ ተጠማዞ፣ ጉም ውስጥ ገብቶ ጠፍቶ፣
አገጬ ጋ ሲደርስ ብቅ አለ እንደገና፣
ፍሬን እንደያዘ የጭነት መኪና።

ከዚያ ቀለም መጣ፤
ስንጥሩን ከብልቃጥ ነክሮ፣ እጁ ሳይጠነቀቅ።
እርሳሱ የረሳውን ቀለሙ አስታወሰ፣
ዐይኔን አጠቆረ፣ ጉንጬን አፈረሰ፣
አንድ ጠብታ ወርዶ ከጆሮዬ ቦታ
እንደ ክረምት ቦርከና መንገድ ስቶ ፈሰሰ።

«ጆሮዬስ?» አልኩት።
«እሱን በብረቱ» አለኝ። «ይኼ ሐሳብ ነው፤
ራስህ ገና ነው።»

አየሁት።
ፀጉር የለ፣ ከንፈር የለ፣ ጭረት በጭረት ላይ፤
እናቴ ብታየው «የማን ልጅ ነው?» ትላለች።
ግን ያ የግንባር ጉብታ፣
ከአባቴ የወረስኩት፣ ማንም ያላየብኝ፣
በሦስት ጭረት ተይዟል።
ራሴን አየሁት፤ ራሴም ታዘበኝ፣
እኔን ውጭ ትቶ።

ወረቀቱ ስስ ነው።
ከጉንጬ ሥር፣ ከወዲያ፣ የገዛ ጽሕፈቴ ይታያል፦
ሙሉ፣ ሠላሳ ስምንት ቶን።
ባዶ፣ አሥራ አራት።

ብረቱ አላለቀም።
ይመር ሳንባውን ታመመ፤ ልጆቹ ግቢውን ሸጡ።
ግንቦት ላይ፣ ኮምቦልቻ በቀትር ስትግል፣
አንድ አይሱዙ ቁርጥራጭ ጭኖ
ወደ ማቅለጫው ሲሄድ ሚዛኔ ላይ ቆመ።
ባሌስትራውን አወቅሁት። ማርሹንም።
ከሁሉም በላይ፣ በገመድ የታሰረ ክብ ነገር፣
ዐይን የለው፣ አፍንጫ የለው፣
ጆሮ ብቻ የወጣለት፤

ሹፌሩ ጡሩምባውን ነፋ።
ጻፍኩ። ማኅተም መታሁ። ቀዩን አግዳሚ አነሳሁ።
ሦስት ቶን ከስድሳ ኪሎ።

ያ ደረሰኝ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤
እርሳሱ ደብዝዟል፣ ቀለሙ ወደ ዝገት ሄዷል።
መኪና በሌለ ሰዓት አወጣዋለሁ፣
ወደ መስኮቱ አስጠጋዋለሁ፣
ጆሮ በሌለው በኩል
ዝቅ ብዬ አናግረዋለሁ።