ያልተነበበው ቀልድ

የዛሬን ኮሜዲ፣ እውነት ለመናገር፣ አልወደውም እኔ፤
ሳቁ ከፊልሙ ጋር አብሮ ተቀድቶ እየመጣ፣ ምን ይቀራል ለጎኔ?
የልጄ ልጅ ኢግናጺ ያሳየኛል፤ «ሳቂ እንጂ» ሲለኝ ጥርሴን አሳየዋለሁ፤
እሱም ደስ ይለዋል፤ እኔ ግን ከምስሉ ኋላ የሚመጣ አንድ ድምፅ እጠብቃለሁ።

ዋርሶ ውስጥ ያኔ፣ የባሕር ማዶ ፊልም በቴሌቪዥን ሲታይ፣
ለሁሉም የሚናገረው አንድ ሰው ነበር፤ ለዳኛም፣ ለሌባም፣ ለሕፃንም፣ ለገዳይ።
የራሳቸው ድምፅ ከሥር ይጉረመረማል፣ እንደ ጎረቤት ጠብ፤
እሱ ከላይ ያነባል፣ ረጋ ብሎ፣ እንደ ቧንቧ ውሃ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ።
ሴትዮዋ ወድቃ ስትጮኽ፣ «ኧረ ልጄን!» ብላ፣
እሱም «ኧረ ልጄን» ይላል፣ የዳቦ ዋጋ እንደሚናገር፣ ወረቀት ገልጦ ሌላ።

ሉዶሚር ነበር ስሙ። እኛው ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከግራ በኩል በር፤
ቀጭን ሰው፣ ጉንፋን የማይለቀው፣ ለወተት ተሰልፎ እንኳ ቃል የማይናገር።
ሐሙስ ማታ ወደ ሥራ ሲሄድ መስኮቱ ይጨልማል፤ ያኔ በቀጥታ ነው የሚነበበው፤
እኛ ወንበር ተሸክመን ጄኖቬፋ ሳሎን፤ ቴሌቪዥን ያላት እሷ ናት፤ ቦታው ቀድሞ ለደረሰ ነው።

ቀልድ ሲሆን ጉድ ነው፤ በፊልሙ ያሉት ቀድመው ሲያውካኩ፣
እኛም እንከተላለን፣ ምኑ እንዳሳቀን ሳናውቅ፣ ሳይነበብ ልኩ፤
ከዚያ ሉዶሚር ይደርሳል፣ ቀልዱን እንደ ደረሰኝ ዘርግቶ፤
ዳግመኛ እንስቃለን፤ አባቴ ግን ደረጃውን ሲወርድ ነው፣ ፊልሙ አልቆ፣ መብራቱ ጠፍቶ።

ሚስቱ ተክላ ከኛው ጋር ነች፤ ማሞቂያው ሥር ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች፤
ባሏ ሲገድል፣ ባሏ ሲሞት፣ ባሏ ሕፃን ሆኖ ሲያለቅስ፣ ክር ትቆጥራለች።
አንድ ማታ ግን፣ ባቡር ጣቢያ፣ ጭጋግ፣ ሰውዬው ባርኔጣውን አውልቆ ሲቀርባት ልጅቷን፣
«እወድሻለሁ» አለ ሉዶሚር፤ የባቡር ሰዓት እንደሚነግራት። ተክላ ጣለች መርፌዋን።
«እቤት ብሎኝ አያውቅም» አለች፤ «እኔም ወረፋ እጠብቃለሁ፣ ሐሙስ ሐሙስ።»
ሳቅን። ጄኖቬፋ ብቻ አልሳቀችም፤ ሻይ ቀዳችላት፣ ሞልቶ እስኪፈስ።

ከዚያ ያ ፊልም መጣ፤ ስሙን ረስቼዋለሁ፤ እንዲያውም ደካማ ፊልም ነው፣ አልዋሽም፤
አስተናጋጁ ነፍስ ያለው ዓሣ በሰሃን ይዟል፤ እንግዳው ሚኒስትር መሆኑን አያውቅም።
ዓሣው ዘለለ፤ ሚኒስትሩ አፉን ከፍቶ አንድ ነገር ተናገረ፤ እነሱም ፈነዱ፤
እኛም የመጀመሪያውን ሳቃችንን ሳቅን። ተራው ደረሰ፤ የለም ቀልዱ።

ዝም።

ከዚያ ሲጥ የሚል ነገር፣ እንደዛገ በር፤ ቀጥሎ ሳል፤ ቀጥሎ ወረቀት ሲወድቅ፤
ሃያ ዓመት ያልሳቀው ሰው፣ መላ አገሩ ጆሮ ሥር፣ እንደ ሕፃን ሲንከተከት፣ ሲስቅ።
ገዳዩም ሳቀ፣ ዳኛውም፣ ባርኔጣውን ያወለቀውም፤ ሁሉም በአንድ ጉሮሮ፤
አባቴ እንኳ እዚያው ሳቀ፣ በሕይወቱ አንዴ በሰዓቱ፣ የሰው ወንበር ሰብሮ።
ተክላ ብቻ ተነሥታ ሳጥኑ ፊት ቆመች፤ እጇን መስታወቱ ላይ አኖረች፤
«እቤት እንዲህ ነው የሚስቀው» ብላ፣ ቀስ ብላ፣ ለራሷ ተናገረች።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሌላ ድምፅ ነበር፤ ወፍራም፣ ጥሩ፣ የማይሳሳት፤
የሉዶሚር መስኮት ሐሙስም በራ፤ ወተት ሰልፍ ላይ ግን «እንዴት አደራችሁ» ማለት ጀመረ በየጠዋት።

ትናንት ኢግናጺ ፊልሙን አገኘው፣ ከየት እንደሆነ እንጃ፤ ስልኩ ላይ፣ አጽድቶ፣ አድምቆ፤
ሃምሳ ዓመት የጠፋብኝ ቃል ከሥር ተጽፏል፣ አንድም ሳይቀር፣ ተጠንቅቆ።
ሰሃኑ መጣ። ዓሣው ዘለለ። ሚኒስትሩ አፉን ከፈተ።
እጄን ዘርግቼ የስልኩን ግርጌ ሸፈንኩ፤ ልጁ «አያቴ፣ ቀልዱ እኮ እዚያ ነው» ብሎ ጎተተ።
አውቃለሁ፣ አልኩት። ዝም በል።
ሰውዬው ወረቀቱ ወድቆበታል።