ውሉ የት ጋ ነው?

ሙዓዝ ከትምህርት ቤት ገብቶ፣ ጫማውን ሳይፈታ፣
ወረቀት ዘረጋ በእራታችን ቦታ።
«ባባ፣ ስካውት ልገባ ነው፤ እዚህ ጋ ፈርምልኝ፣
ሐሙስ ነው መጨረሻው፤ እንዳይዘጋብኝ።»

ስድሳ ድርሃም ለመግቢያ፣ ለሸሚዙ መቶ አሥር፣
የአንገት ፎጣው ለብቻ ሠላሳ ሲጨመር፤
ሉባባ በዓይኗ ደመረች፤ ጥቂት ዝም አለችና
የሩዙን ጆንያ በእግሯ ነካ አድርጋ፣ «ደህና፣
ይግባ» አለች። «ልጁ እንኳ ይውጣ ከዚህ ክፍል፤
ከመጋረጃ ወዲያ የሰው ሳል ሲቆጥር ከሚውል።»

መስከረም ነው ባገር። ሻርጃ ግን ገና ነው፤
ግድግዳው እስከ እኩለ ሌት የምድጃ ጎን ነው።

ቅጹ በዐረብኛ ነው፤ እሱ ያነባል፣ እመልሳለሁ፤
የደሙን ዓይነት ሳይቀር አስቤ እነግረዋለሁ።
የመኖሪያ ፈቃድ ቁጥር? እሱ በቃሌ ነው፤
የልደቱን ቀን ብስት እንኳ፣ ያንን መቼ ስቼው።
«የአባት ሥራ?» አለና እስክሪብቶው ቆመ።
እኔም ዝም። ማቀዝቀዣው ብቻ አጉረመረመ።
ፈቃዴ ላይ ያለው ቃል «ሐማል» ነው፣ ተሸካሚ፤
የክፍል ጓደኛው አባት የባንክ ቼክ ፈራሚ።
«እሱን ለኋላ ተወው» አልኩት።
ተወው።

«ደግሞ ፈተና አለ፤ ቋጠሮ ያሠሩናል፤
ሲጎተት የማይላላ፣ ሲፈልጉት የሚፈታ ይሉናል።»
ሥዕሉን ከመጽሐፉ አሳየኝ፤ ቀስት በቀስት ላይ፣
እጄ ከዓይኔ ቀድሞ አወቀው፣ ገና ሳላይ።
ስሙን አላውቀውም። ኮምቦልቻ ነው የተማርኩት፣
በአሥራ አራት ዓመቴ፣ አይሱዙ ላይ ሸራ ስወጥርበት።
ዛሬም ከኾሩ ዳር፣ ለበርበራ በሚጫን ጀልባ፣
ፍሪጁን ከፍራሹ፣ ጎማን ከሽንኩርት ከረጢት ጋ
በሱ ነው የማስረው፤
ባሕር ሲቆጣ እሱ ነው ቃሉን የሚያከብረው።

የልብስ ማስጫውን ገመድ ከነችንካሩ ነቀልኩ፤
የሉባባ እጥበት አልጋ ላይ ወረደ፤ ስድቧን ተቀበልኩ።
«በል፣ ውሉ የት ጋ ነው?»
                «ውል? የምታድሰው?
የሁለት ዓመቱ? ማታ ማታ የምታወሩት ስሰማው?»
ለካ ልጄ ከዚህ ቃል የሚያውቀው ፍርሃቱን ነው።
«ይሄም ውል ነው» አልኩት፤ «የገመዱ ጫፍ፣ መያዣው።
ሰው ቢላዋ የሚያነሳ ይሄ የጠፋው ለታ ነው።»
ቀለበት ሥራ። ከሥር አውጣው። በጀርባው አዙር።
አመለጠው። እንደገና አመለጠው።
«አብሽር።»
በሦስተኛው አልጋው ራሱ ከግድግዳው ተንቀሳቀሰ፤
ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ሰውዬ፣ ሳሉን ትቶ፣ «ምን ፈረሰ?»

ሐሙስ ማታ። የትምህርት ቤቱ ጓሮ፣ አሸዋ፣ ፉጨት።
ኡስታዝ ባቢክር ሱዳኔ ነው፤ ቦርጩ ከፊት፣ ሳቁ ከቦርጩ ፊት።
እኔ ከአጥሩ ውጪ ቆምኩ፤ ከጀልባ ነው የመጣሁ፣
ሸሚዜ ናፍጣ ናፍጣ ይላል፤ ለልጄ ስም ፈራሁ።
ሙዓዝ ገመዱን ያዘ። ጫፉን ሲፈልግ አየሁት፤
ከንፈሩ ብቻ «ውሉ» ሲል ከዚያ ርቀት ሰማሁት።
ኡስታዙ ከነቦርጩ ተንጠለጠለበት፤
አልላላም። በአንድ ጣቱ ገፋው፤ ተፈታለት።
«ማነው ያስተማረህ?» ሙዓዝ ወደ አጥሩ ጠቆመ፤
ያ ሁሉ ሕፃን ዞሮ፣ አየኝና ቆመ።
«ዓርብ ዓርብ ብትመጣስ? ድንኳን የሚያስር ቸግሮናል።»
«ዓርብ ጭነት አለ።»
«እንግዲህ ሲመችህ፤ በሩ ክፍት ይሆናል።»

ሙዓዝ ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ጎንበስ ብሎ
የተዋትን መስመር ሞላት፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ አከታትሎ።
«ምን ጻፍክ?»
«ውል አሳሪ።»

የእኔ ውል ጥር ላይ ያልቃል። አልነገርኩትም።
ሉባባም ታውቃለች፤ አልነገረችውም።

የልብስ ገመዱን መልሶ የሰቀለው እሱ ነው።
ሰማያዊው ፎጣ ላዩ ላይ ነው፣ ያንጠባጥባል፤
እሱ ሲተኛ ተነስቼ ጎተት አደረግኩት።
ይዟል።