ዘብ ያቆምኩ መስሎኝ

ሰኔ ነው፣ ዊኒፔግ። ቀይ ወንዝ ሞልቶ ሄዶ፣
ቢምቢውን ትቶልናል፣ በየቦዩ ወልዶ።
በረንዳዬ ጠባብ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
አንዲት ወንበር ይዞ፣ የቀረውን ሰማይ።

ሻጩ ልጅ ማለልኝ፦ «ይቺ ቅጠል ካለች
አምስት ሜትር አይቀርብም፤ ሎሚ ትሸታለች።»
አሥራ ሁለት ዶላር! ጌራንየሟን ገዛሁ፣
ጠጅ ሳር ደገምሁላት፣ በሶብላ ጨመርሁ፣
ከብረቱ አጥር ሥር እንደ ዘብ ደረደርሁ፤
«አሁን ይሞክሩኝ!» ክንዴን ገልጬ ተቀመጥሁ።

የመጀመሪያዋ መጣች። ዞረች፣ ዞረችና
ከዚያችው ቅጠል ላይ አረፍ አለችና
እግሯን ጠራረገች፣
ሰው ቤት ሲገቡ ጫማ እንደሚወልቅ።
ከዚያ ወደ ክርኔ።

ኦልሃ ጎረቤቴ፣ ከማዶው በረንዳ፣
እንግሊዝኛ ለእሷም ለእኔም የሆነ እንግዳ፣
ደረሰኝ ስፈልግ አይታኝ ሳቀች።
እጇን አሻግራ ቅጠሏን ቀጠፈች፣
በጣቶቿ መሃል ጨፍልቃ አደቀቀች፣
ክንዴን አሸችበት፤ «ቆማ አትሠራም» አለች።
ካላሹት አይሸትም!
ማሸትና ማሽተት በእኔ ቋንቋ
ጎረቤት መሆናቸውን ልነግራት ፈለግሁ፤
ቃል አጠረኝ፣ ተውሁ።

ሩብ ሰዓት ያህል ሠራ። ወይም ነፋስ ነበር፤
አልምልም።

ልጄ ምንታምር ግን በጉልበቷ ወርዳ፣
ከገንቦው ሥር ያለውን ሳህን አጎንብሳ አይታ፣
«እማ! ዓሣ ወለድን!» ጮኸች ተደስታ።
ዓሣስ አልነበረም።
ክር የሚያህል ጥቁር፣ ወገቡን የሚሰብቅ፣
ላይ ወጥቶ የሚተነፍስ፣ ታች ወርዶ የሚደበቅ፣
የቢምቢ እጭ ነበር። ለዘቦቼ የማጠጣው ውሃ
ሾልኮ ወርዶ ሆኖላቸው የሕፃናት ማቆያ!
በር ላይ ዘብ አቁሜ፣ ከዘቡ ጫማ ሥር
የሌባ ልጅ ሳሳድግ፣ ስቀልብ ነበር።

ሳህኑን ደፋሁት። ከታች ውሻ ይዞ የሚያልፍ ሽማግሌ
«ዝናብ ነው?» ብሎ ቀና አለ፤
ገባሁ ዝም ብዬ።

በመስከረም ማለቂያ ውርጩ ጠጅ ሳሩን በላው፣
በሶብላው በአንድ ሌሊት ጠቆረ።
ጌራንየሟን ብቻ ወደ ውስጥ አስገባኋት፣
ለምን እንደሆነ እንጃ፤ ቂሜ እንኳ አልበረደም ነበረ።

ጥር ላይ፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት ሲል፣
መስኮቱ ከውስጥ በኩል በረዶ ሲያበቅል፣
መጋረጃ ስስብ ጫፉ ቅጠሏን አሸ።
ሎሚ ሎሚ ሸተተ።
እጄ፣ ማንም ሳይጠራው፣
አንገቴን በጥፊ መታው።